ሲገለበጥ ስለፈሰሰው ባቫርዋ፦ ክሬሙ፣ ሙቀቱና አናናሱ

ባቫርዋ ከወተትና ከአስኳል የሚበስል ካስታርድ፣ የሚያረጋው ጄላቲንና የተመታ ክሬም ተዋህደው በቅርጽ ማውጫ የሚረጋ ቀዝቃዛ ጣፋጭ ነው። ስለ እሱ የቀረበልኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «ባቫርዋ ሠርቼ ነበር። አሠራሩ ላይ 'ክሬም' ብቻ ስለሚል 'የማብሰያ ክሬም' የሚል ካርቶን ገዛሁ፤ ቅባቱ 20 በመቶ ነው። በሚክሰር ብመታው ብመታው አረፋ ከማውጣት አልፎ አልቆመም። ቢሆንም ጄላቲን ካለበት ሙቅ ካስታርድ ጋር ቀላቀልኩት፤ ልጬ የቆራረጥኩትን አናናስም ጨመርኩና ፍሪጅ ውስጥ አሳደርኩት። በማግስቱ ሳህን ላይ ስገለብጠው ከላይ ግልጽ የሆነ የጄሊ ንጣፍ፣ ከሥሩ አረፋ፣ በአናናሱ ዙሪያ ደግሞ ውሃ ሆኖ አገኘሁት። ወዲያው ተናደ። ጄላቲኑን ላብዛው? የትኛውን ክሬም ልግዛ? ለግብዣ ሁለት ቀን ቀደም ብዬ ሠርቼ ማስቀመጥስ እችላለሁ?»

ጄላቲኑን አያብዙ። ከዚህ የምጀምረው ጣፋጭ ሲፈርስ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ይህንኑ ስለሆነ ነው፤ ውጤቱም በሚቀጥለው ጊዜ ማንኪያ የሚመልስ ላስቲክ ነው። እርስዎ ዘንድ የተፈጠረው ሦስት የማይዛመዱ ችግሮች በአንድ ቀን መገናኘታቸው ነው። ያዩትን በዝርዝር ስለጻፉልኝ ደግሞ እያንዳንዱን ለይቶ ማሳየት ይቻላል፦ ክሬሙ ያልቆመው በቅባቱ ማነስ፣ ንጣፉ የተፈጠረው በካስታርዱ ሙቀት፣ ውሃው የመጣው በአናናሱ ነው።

መጀመሪያ ክሬሙን እንይ። ወተት ሳይነካ ሲቀመጥ ቅባቱ ወደ ላይ ይወጣል፤ ክሬም የሚባለው ይኸው ቅባት የበዛበት የላይኛው ክፍል ነው። ፋብሪካ በሚሽከረከር ማሽን ይለየውና የቅባቱን መጠን በፈለገው ልክ ያስተካክለዋል። ስለዚህ ካርቶኑ ፊት ለፊት የተጻፈውን ስም ትተው ጀርባውን ያንብቡ። እዚያ በ100 ግራም ውስጥ ስንት ግራም ቅባት እንዳለ ተጽፏል፤ ለእርስዎ የሚያስፈልገው ቁጥር እሱ ነው። ስሙ ከአገር አገር ይለዋወጣል። በእንግሊዝ «ሲንግል» የሚባለው 18 በመቶ፣ «ዊፒንግ» 35 በመቶ፣ «ደብል» 48 በመቶ ቅባት አለው። በአሜሪካ ደግሞ ከ30 እስከ 36 በመቶ ያለው «ላይት ዊፒንግ» ሲባል «ሄቪ» ለመባል ቢያንስ 36 በመቶ መድረስ አለበት። የአሜሪካን አሠራር ይዞ የእንግሊዝን «ደብል» የሚጠቀም ሰው ክሬሙ ገና ሁለት ዙር ሳይመታ ወደ ቅቤ ሲሄድበት ግራ የሚጋባው በዚህ ምክንያት ነው። 48 በመቶ የሆነውን ካገኙ ለሦስት እጅ ክሬም አንድ እጅ ወተት ቢጨምሩበት ወደ 37 በመቶ ገደማ ይወርድልዎታል፤ ለመምታትም የተመቸ ይሆናል።

ክሬም ተመትቶ እንዲቆም ቢያንስ 30 በመቶ ቅባት ያስፈልገዋል፤ እኔ 35ን እመርጣለሁ። ምክንያቱን ማወቅ ይጠቅምዎታል። በክሬም ውስጥ ያለው ቅባት በስስ ሽፋን የተጠቀለሉ ደቃቅ እንክብሎች ሆኖ ተበትኗል። በቀዝቃዛ ጊዜ የእንክብሉ ቅባት በከፊል ይጠነክራል። መምቻው ሲያልፍባቸው ሽፋናቸው ይላጣል፣ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፣ በገባው አየር ዙሪያም ተሰልፈው ግድግዳ ይሠራሉ። ክሬሙን የሚያቆመው ያ ግድግዳ ነው። በ20 በመቶ ክሬም ውስጥ እንክብሎቹ በቂ ስላልሆኑ ግድግዳው ሳይገናኝ አየሩ ያመልጣል፤ ሚክሰሩ ቀኑን ሙሉ ቢሽከረከር ለውጥ የለውም። ቅባቱ በቂ ሆኖ ክሬሙ ለብ ያለ ከሆነም አይሳካም። እንክብሎቹ ውስጣቸው ፈሳሽ ስለሚሆን አየሩን ከመያዝ ይልቅ እርስ በርሳቸው ይዋሃዱና ቅቤ ይሆናሉ። ስለዚህ ክሬሙን ቢያንስ አንድ ሌሊት ፍሪጅ ያሳድሩት፣ ጎድጓዳ ሳህኑንና መምቻውንም ያቀዝቅዙ። ለረጅም ጊዜ እንዲቆይ በከፍተኛ ሙቀት የታከመና ከፍሪጅ ውጭ የሚሸጥ ክሬም ከሆነ ማሳደሩ የግድ ነው፤ ቅባቱ እስኪጠነክር ሰዓታት ይፈልጋል። ለማፋጠን ብለው ግን ማቀዝቀዣው ውስጥ በረዶ እንዳያደርጉት። በረዶው እንክብሎቹን ይቀድዳቸውና ሲቀልጥ ፍርፍር ያለ ነገር ይሆናል።

እርስዎ የገዙት የማብሰያ ክሬም መጥፎ ክሬም አይደለም። የተሠራው ለሾርባና ለስጎ ነው፤ ብዙ ጊዜም እሳትና ኮምጣጣ ነገር እንዳይበጣጥሰው ማወፈሪያ ይጨመርበታል። የቀረውን ካርቶን አይጣሉት፤ ምን እንደሚሠሩበት ከታች እነግርዎታለሁ።

ሌሎቹን በአጭሩ ልለፋቸው። ክሬም ፍሬሽ በባክቴሪያ የረጋ፣ ብዙውን ጊዜ 30 በመቶና ከዚያ በላይ ቅባት ያለው ክሬም ነው፤ ቅባቱ ስለሚበዛ እሳት ላይ አይቆራረጥም። በባቫርዋ ውስጥ ከሚመታው ክሬም ሩቡን በእሱ ቢተኩት ጣፋጩን ቀለል የሚያደርግ ኮምጠጥ ያለ ጣዕም ይሰጣል። ሳወር ክሬም ግን ቅባቱ 20 በመቶ አካባቢ ስለሆነ አይመታም፣ ሲፈላም ይበጣጠሳል። በጋዝ ጠርሙስ ተነፍቶ የሚወጣው ክሬም ከላይ ማስጌጫ ነው፤ በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚሟሽሽ ውስጥ እንዳያስገቡት። የታሸገ የተነነ ወተት ቅባቱ 8 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ የወተቱን ቦታ እንጂ የክሬሙን ቦታ አይተካም።

ከዕፅዋት ዘይት ስለሚሠራው የሚመታ ክሬም ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ። ሲመታ ከወተት ክሬም ይበልጥ ይነፋል፣ በሙቀትም ቶሎ አይወድቅም፤ ለኬክ ማስጌጫ ብዙ ባለሙያ የሚወደው ለዚህ ነው። ቅርጽ ይዞ ለሚበላ ጣፋጭ ግን አልመክረውም። የዚህ ዓይነት ጣፋጭ ዋናው ደስታ አፍ ውስጥ ሲገባ ቀልጦ መጥፋቱ ነው። በጠንካራ የዕፅዋት ቅባት የተሠራው ደግሞ ላንቃ ላይ ሰም የመሰለ ሽፋን ትቶ ያልፋል። የወተት ክሬም በጭራሽ የማይጠቀሙ ከሆነ ይሥሩበት፤ አብዛኛው አስቀድሞ ስኳር ስለገባበት ግን የካስታርዱን ስኳር ይቀንሱ።

አሁን ወደ ግልጹ ንጣፍ። ባቫርዋ በሁለት ነገሮች ይቆማል፦ አንደኛው ጄላቲን ያለበት ካስታርድ፣ ሁለተኛው አየር የያዘው ክሬም። ቅርጹን የሚሸከመው ጄላቲኑ ነው፤ ክሬሙ የሚሰጠው ቅለትንና ጣዕምን ነው። ሁለቱ የሚገናኙበት የሙቀት መጠን የሥራው ሁሉ ልብ ስለሆነ እዚህ ላይ ቀስ ብዬ ልሂድ።

ካስታርዱ ሙቅ ሆኖ ከተቀላቀለ የክሬሙን ቅባት ያቀልጠዋል፣ አረፋውም ይፈርሳል። ቀጭን ስለሆነ ደግሞ ወደ ታች ይወርዳል፤ የተረፈው አረፋ ይንሳፈፋል፤ ፍሪጅ ውስጥ ሁለቱም በየቦታቸው ይረጋሉ። ሲገለብጡት ታች የነበረው ላይ ይሆናል፤ ያዩት ግልጽ ንጣፍ ይኸው ነው። የእርስዎ ክሬም ስላልተመታ ልዩነቱ ባሰ እንጂ በጥሩ ክሬምም ይደርሳል። በተቃራኒው ካስታርዱ ከመጠን በላይ ከቀዘቀዘ ጄላቲኑ መርጋት ይጀምርና ቀዝቃዛው ክሬም ሲነካው ክር ክር እያለ ይቋጠራል። ጣፋጩን ሲበሉ ምላስ ላይ የሚገኙት ትናንሽ የላስቲክ ፍሬዎች ከዚህ ይመጣሉ።

መሃሉን ማግኘት ነው ሥራው። ለስድስት ሰው የሚሆን ልኬት ልስጥዎት፦ 250 ሚሊ ሊትር ወተት፣ የ4 እንቁላል አስኳል፣ 70 ግራም ስኳር፣ 7 ግራም ዱቄት ጄላቲን፣ 250 ሚሊ ሊትር 35 በመቶ ክሬም፣ ቫኒላ። ጄላቲኑን ክብደቱን አምስት ስድስት እጥፍ በሚሆን ቀዝቃዛ ውሃ ላይ በትነው ይተዉት፤ ውሃውን ጠጥቶ ያብጣል። በሙቅ ውሃ ከጀመሩ የዱቄቱ ውጭ ይቀልጥና መሃሉ ደረቅ ሆኖ ይቋጠራል። አስኳሉንና ስኳሩን ይምቱ፣ የሞቀውን ወተት በትንሽ በትንሹ ያፍስሱበት፣ ወደ ድስቱ ይመልሱትና በቀስታ እሳት ሳያቋርጡ ያማስሉ። ከ82 እስከ 84 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ያውጡት፤ ከ85 ካለፈ አስኳሉ መበጣጠስ ይጀምራል። ሙቀት መለኪያ ከሌለዎት የእንጨት ማንኪያውን ነክረው ያውጡና ጀርባውን በጣትዎ ይስመሩበት፤ መስመሩ ሳይደፈን ከቆየ ደርሷል። ያበጠውን ጄላቲን ከእሳት ከወረደ በኋላ ጨምረው ያሟሙትና በወንፊት ያጥሉት። ጄላቲን እሳት ላይ ብዙ ሲፈላ ጉልበቱን ስለሚያጣ አብረው አያፍሉት።

ከዚያ ሳህኑን በረዶ ባለበት ውሃ ላይ ያስቀምጡና በስፓቹላ ቀስ እያሉ ያማስሉ። ግድግዳውንና ታቹን ደጋግመው ይጥረጉ፤ መጀመሪያ የሚረጋው እዚያ ነው። ከ20 እስከ 22 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ማማሰያው ሲያልፍ የሚተወው ዱካ ለአፍታ ይታይና ይጠፋል። ያኔ ከበረዶው ያውጡት። ክሬሙ ያን ጊዜ ተመትቶ ዝግጁ ሆኖ መጠበቅ አለበት፤ ክሬም እስክመታ ብለው ቢሄዱ ተመልሰው የረጋ ካስታርድ ያገኛሉ። ካለፈብዎትም አይደንግጡ። ጄላቲን ይቀልጣል፣ መልሶ ይረጋል፤ ለብ ባለ ውሃ ላይ አስቀምጠው እያማሰሉ ያላሉትና እንደገና ያቀዝቅዙት።

ክሬሙን እስኪደርቅ አይምቱት። መምቻውን ሲያነሱት ጫፉ ቀና ብሎ ቆይቶ ጎንበስ ማለት አለበት። ጥብቅ ብሎ የቆመ ክሬም ከካስታርዱ ጋር ለመዋሃድ ብዙ ማገላበጥ ስለሚጠይቅ በዚያው ሂደት ይበላሻል። አንድ ሦስተኛውን ጨምረው ካስታርዱን ያቅሉት፤ የቀረውን ከታች ወደ ላይ እያገላበጡ ያዋህዱ፤ ነጩ መስመር እንደጠፋ ያቁሙ። ትክክለኛው ውህድ ወደ ቅርጽ ማውጫው ሲገባ እንደ ውሃ አይፈስም፤ እየተጣጠፈ ይወርዳል።

ስለ ጄላቲኑ መጠን አንድ ነገር። ተገልብጦ ለሚቀርብ ጣፋጭ ከጠቅላላው ክብደት 1 በመቶ ገደማ ይበቃል፤ ከላይ የሰጠሁት ልኬትም ወደዚያው ነው። በብርጭቆ ውስጥ እንዳለ የሚበላ ከሆነ ወደ 0.6 ወይም 0.7 በመቶ ይቀንሱት፤ ልዩነቱን አፍዎ ያውቀዋል። ረጅምና ትልቅ ቅርጽ የራሱን ክብደት መሸከም ስላለበት ከትናንሾቹ ትንሽ ጨምሮ ይፈልጋል። የጄላቲን ጉልበት የሚለካው «ብሉም» በሚባል ቁጥር ነው። በቅጠል የሚሸጠው ነሐስ፣ ብር፣ ወርቅና ፕላቲነም እየተባለ ደረጃ ሲወጣለት ቅጠሎቹ በጉልበት ቢለያዩም በክብደትም ስለሚለያዩ አንዱ ቅጠል ከሌላው ጋር ተቀራራቢ ሥራ ይሠራል። ስለዚህ አሠራሩ በቅጠል ቆጥሮ ከሰጠዎት በቅጠል ይቁጠሩ፤ በግራም ከሰጠዎት የትኛው ዓይነት እንደሆነ ይዩ።

ወደ አናናሱ እንምጣ። ጄላቲን ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የሚገኝ ፕሮቲን ነው። እሳት ያላየ አናናስ ውስጥ ብሮሜሌን የሚባል ፕሮቲን የሚቆራርጥ ኤንዛይም አለ፤ የጄላቲኑን ረጃጅም ሰንሰለት እየበጣጠሰ ወደ ውሃነት ይመልሰዋል። በቁርጥራጮቹ ዙሪያ ያዩት ኩሬ ይኸው ነው። በሦስት እጥፍ ጄላቲን ቢሠሩትም ትንሽ ዘግይቶ ይፈርስ ነበር። ኪዊ፣ ፓፓያና በለስም ተመሳሳይ ኤንዛይም አላቸው። መፍትሔው ሙቀት ነው፦ ቁርጥራጩን ከትንሽ ስኳር ጋር ለጥቂት ደቂቃ ያንተክትኩትና አቀዝቅዘው ይጨምሩ። የታሸገ የቆርቆሮ አናናስ ሲታሸግ ስለሞቀ እንዳለ ይገባል። በረዶ ማድረግ ግን ኤንዛይሙን አይገድለውም፤ በረዶ የነበረ አናናስ ቀልጦ ሲገባ ያው ነው። እንጆሪ፣ ብርቱካንና ኮክ ችግር የለባቸውም።

ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የተገኘ ነገር ስለማይበሉ ጄላቲን የማይጠቀሙ እንግዶች ካሉዎት ከባሕር አረም የሚሠራው አጋር አለ፤ ፕሮቲን ስላልሆነ አናናስም አይነካውም። ግን በባቫርዋ ውስጥ በጄላቲን ቦታ ልክ በልክ አይተኩት። አጋር መፍላት ይፈልጋል፣ ከ40 ዲግሪ በታች ሲወርድ ቶሎ ይረጋል፣ እንደገና ለመቅለጥ ደግሞ 85 ዲግሪ አካባቢ ይጠይቃል። አፍ ውስጥ አይቀልጥም፤ ይሰበራል። ከተመታ ክሬም ጋር ለማዋሃድም ጊዜ አይሰጥም። የበቆሎ ስታርች የሚያረጋው ብላማንዥ የተሻለ አማራጭ ነው፦ ለግማሽ ሊትር ወተት 40 ግራም ገደማ፣ እየተማሰለ እስኪፈላና እስኪወፍር፣ ከዚያ ውሃ በነካው ቅርጽ ማውጫ ውስጥ። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ይህ ጣፋጭ ከአልሞንድ ወተትና ከተከተፈ የዶሮ ሥጋ ይሠራ እንደነበር ሳስብ አሁንም ይገርመኛል።

አሁን ያ የቀረው የማብሰያ ክሬም። ፓና ኮታ ይሥሩበት። ይህ የሰሜን ጣሊያን፣ የፒየሞንት ጣፋጭ ምንም ዓይነት መምታት አይፈልግም፤ ብዙ አሠራሮችም 35 በመቶ ክሬምን ከወተት ጋር እኩል በእኩል ይቀላቅላሉ። ውጤቱን ቢያሰሉት 19 በመቶ ገደማ ቅባት ነው። እርስዎ ካርቶን ውስጥ ያለው 20 ነው! ግማሽ ሊትሩን ወስደው ግማሹን ብቻ ከ60 ግራም ስኳር ጋር ያሙቁ፤ ሳይፈላ ያውርዱትና ያበጠውን 5 ግራም ጄላቲን ያሟሙበት፤ ቀዝቃዛውን ግማሽ ይጨምሩበት። ሁሉንም ከማሞቅ ይልቅ እንዲህ ማድረጉ ቶሎ ያቀዘቅዘዋል፣ የክሬሙንም ትኩስ ጣዕም ያቆየዋል። ወዲያው ወደ ቅርጽ ማውጫው ካፈሰሱት ግን የቫኒላው ፍሬ ከታች ይዘቅጣል፤ እዚህም በበረዶ ውሃ ላይ ትንሽ ወፈር እስኪል ያማስሉት። ካርቶኑ ላይ ስታርች የሚል ካዩ ትንሽ ወፍራም ሆኖ ይወጣል እንጂ አይበላሽም። ጨውና ቅመም የገባበት ከሆነ ግን ለስጎ ይተዉት።

ማውጣቱ ላይ ብዙ ጥሩ ሥራ ይበላሻል። ብረት ቅርጽ ማውጫ ሙቀትን ቶሎ ስለሚያሳልፍ ከሸክላና ከብርጭቆ ይመቻል። ውህዱን ከማፍሰስዎ በፊት ውስጡን ጣዕም በሌለው ዘይት እጅግ ስስ አድርገው ይጥረጉ። ሲያወጡት ከጠርዙ በታች ድረስ ሙቅ ውሃ ውስጥ ለአምስት ሰከንድ ያህል ይንከሩት፣ ያድርቁት፣ ከዚያ በጣትዎ ጫፍ ዳሩን ቀስ ብለው ወደ መሃል ይሳቡ። ይህ አየር ያስገባለታል፤ አየር ካልገባ ተጠብቆ ይቀራል። ሳህኑን በውሃ እርጥብ ያድርጉት፤ ጣፋጩ ከመሃል ወጥቶ ቢያርፍ ገፋ አድርገው ማስተካከል ይችላሉ። ገልብጠው አንድ ጊዜ ነቅነቅ ያድርጉት። እንቢ ካለ ለሁለት ሦስት ሰከንድ መልሰው ይንከሩት፤ ረጅም ጊዜ መንከር የቅርጹን ጌጥ ያቀልጠዋል። ከወጣ በኋላ ላዩ ስለሚላላ አሥር ደቂቃ ፍሪጅ ይመልሱት።

ሁለት ቀን ቀደም ብሎ መሥራቱ ይቻላል፤ አንድ ቀን ግን ይሻላል። ትንሹ ቅርጽ ቢያንስ አራት ሰዓት፣ ትልቁ ስድስትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ጄላቲን ደግሞ እስከ 24 ሰዓት ድረስ እየጠነከረ ይሄዳል፤ ለሁለት ቀን ካሰቡ ከ7 ግራሙ ግማሽ ግራም ያህል ይቀንሱ። ክሬም ሽታ ስለሚስብ በፕላስቲክ በደንብ ይሸፍኑት፣ ከሽንኩርት ያርቁት፤ እንቁላል ስላለበትም ከሦስት ቀን አያሳልፉት። ከቅርጽ ማውጫው የሚያወጡት ለእንግዶቹ ሊያቀርቡ ሲሉ ይሁን፤ ጄላቲን የሚቀልጠው ከ30 ዲግሪ ጀምሮ ስለሆነ ሞቃት ክፍል ውስጥ መልኩን እያጣ ይሄዳል።

ከዚያ የረዘመ ጊዜ ካስፈለገዎት ባቫርዋው በረዶ መሆን ይችላል። በሲሊኮን ቅርጽ ማውጫ አድርገው ድርቅ እስኪል ያቀዝቅዙት፤ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ያለ ሙቅ ውሃ ይወጣልዎታል፣ ጌጡም ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሳህኑ ላይ እንዳለ ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሌሊት ቀስ ብሎ ይቅለጥ። በአጋር የተሠራውንና በስታርች የተሠራውን ግን በረዶ አያድርጉት፤ ሲቀልጥ ውሃ ይተፋል።